በትንሽ ገንዘብ የማያሳፍር የእጅ ሰዓት፦ ምን ልምረጥ?

መምህርት_ጠመኔ
ሰላም ለሁላችሁ። እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፤ ዛሬ የሚያስጠይቅ ነገር ገጠመኝና ገባሁ።

የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ክፍል ውስጥ ስልክ ማውጣት አልወድም። ተማሪዎቹን "ስልክ አስቀምጡ" እያልኩ ራሴ ሰዓት ለማየት ስልኬን ስከፍት ያስቁብኛል። ለፈተና ደግሞ ስልክ ይዞ መግባት ጭራሽ አይቻልም። ስለዚህ የእጅ ሰዓት ያስፈልገኛል።

ባለፈው ዓመት አንድ ገዝቼ ነበር። ወርቃማ፣ ከበድ ያለ፣ ፊቱ ላይ ሦስት ትንንሽ ክቦች ያሉት። ሻጩ "ኦርጅናል ነው፣ ውኃም አያስገባም" አለኝ፤ እኔም አመንኩ። በአራተኛው ወር ወርቁ ተልጦ ከስሩ ቢጫ ነገር ብቅ አለ፣ ሰዓቱ የሚያርፍበት ቆዳዬ አረንጓዴ ሆነ፣ እጄን በታጠብኩ ቁጥር መስታወቱ ከውስጥ ያልበው ጀመር። ሦስቱ ክቦች ሥዕል መሆናቸውን ያወቅኩት በተማሪዬ ነው። "ቲቸር፣ እነዚህኮ አይንቀሳቀሱም" ብሎኝ።

አሁን የምፈልገው፦ ቁጥሩ ከሩቅ የሚነበብ፣ ሰኮንድ ያለው፣ የማይጮህ፣ ሰባት ስምንት ዓመት የሚያገለግለኝ። እጄ ቀጭን ነው፤ በሜትር ስለካው ዙሪያው 15 ሴንቲ ሜትር ነው። ገንዘቤ ትንሽ ነው። ሁለተኛ መታለል ግን አልፈልግም።

ቲክታክ
ካሲዮ ኤፍ-91ደብሊው ግዢና ክሩን እንዝጋው 😄 እንደ ፈረንጆቹ ከ1989 ጀምሮ እስካሁን ይመረታል፣ ክብደቱ 21 ግራም ነው፣ ባትሪው 7 ዓመት ያህል ይቆያል። ከዚያ በላይ የምታወጪው ሁሉ ለጌጥ ነው።

አሮጌ_ወዳድ
ኧረ ተው! መምህርት ናት እኮ፣ የልጆች ሰዓት አድርጋ ልትቆም ነው? እህቴ፣ አውቶማቲክ ግዢ። ባትሪ የለውም፣ በእጅሽ እንቅስቃሴ ራሱን ይሞላል፣ በደንብ ከያዝሽው ለልጅሽም ይተርፋል። የኦሪየንትና የሴይኮ አነስተኛ ሞዴሎች ብዙ አይርቁሽም።

ሞላና_ጥርስ
ወንድሞቼ፣ ቆይ። ልጅቱ ምን ግዙ እንድትሏት ብቻ አይደለም የጠየቀችው፤ እንዴት እንዳትታለል ነው። እስቲ ከተታለለችበት እንጀምር።

ልጄ፣ ለ30 ዓመት ያህል የሰው ሰዓት ስከፍትና ስዘጋ ኖሬአለሁ። ያንቺ ዓይነቱ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚመጣልኝ አልነግርሽም። አካሉ ናስ ነው፤ መዳብና ዚንክ ተቀላቅሎ የተሠራ። ላዩ ላይ እጅግ ስስ የወርቅ ቅብ ይለበስበታል። ላብ ቅቡን በልቶ ናሱ ጋ ሲደርስ መዳቡ ከላብሽ ጋር ይዋሃድና አረንጓዴ ይሆናል። ቆዳሽ አልታመመም፣ በሳሙና ይለቃል።

ሰዓቱ አሁንም ካለሽ ጀርባውን ገልብጪና አንብቢ። "ስቴንለስ ስቲል ባክ" ይላል፣ እወራረዳለሁ። "ባክ" ማለት ጀርባ ነው። ክዳኑ ብቻ አይዝጌ ብረት ነው ማለታቸው ነው። ውሸት አልጻፉም፤ አንቺ ስታነቢው ግን ሰዓቱ ሙሉ በሙሉ አይዝጌ ይመስልሻል። "ጃፓን ሙቭት" የሚለውም እንደዚሁ ነው፦ ከጃፓን ኩባንያ የመጣው ማሽኑ ብቻ ነው፤ አካሉን፣ መስታወቱንና ማሰሪያውን ማን እንደሠራው አይነግርሽም።

መምህርት_ጠመኔ
ጋሼ፣ አሁን ተነስቼ አየሁት። "ስቴንለስ ስቲል ባክ" ይላል። ከታች ደግሞ "ጃፓን ሙቭት"። ሳቄ መጣ፣ ንዴቴም መጣ።

ሞላና_ጥርስ
ውስጡን ለቄስ ማለት ይኸው ነው እንግዲህ። አትናደጂ፣ ማሽኑ ራሱ ደህና ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ እንዲህ ባሉት ውስጥ የማገኘው የጃፓኑ ሰዓት ሠሪ የሲቲዝን ንብረት የሆነው ሚዮታ የሚሠራውን ተራ የባትሪ ማሽን ነው፤ በወር 20 ሰኮንድ ቢሳሳት ነው፣ ለዓመታትም ይሠራል። የገደለው አካሉ ነው። ልክ ደህና ሞተር በዛገ መኪና ላይ እንደመጫን።

ትልቁ የመግዣ መመሪያዬ ከዚሁ ይመጣል። ማሰሪያ ነገ ይቀየራል። ባትሪ ይቀየራል። አካሉ ግን አይቀየርም፣ ውኃ የሚከለክለውም እሱ ነው። በትንሽ ገንዘብ ስትገዢ ገንዘቡ አካሉ ላይ ይዋል፤ የቆዳ ማሰሪያው ርካሽ ቢሆን ግድ የለሽም።

ዝም_ብዬ_አንባቢ
አይዝጌውን ከናሱ ለመለየት ማግኔት ማስጠጋት ነው ይባላል። እውነት ነው?

ሞላና_ጥርስ
አይጠቅምም። ለሰዓት የሚሆነው ጥሩው አይዝጌ፣ 316ኤል የሚሉት፣ ማግኔት ብዙም አይስበውም። ናስንም ጭራሽ አይስበውም። ሁለቱም እኩል ዝም ይሉሻል። እንዲያውም ሰዓቱ አውቶማቲክ ከሆነ ማግኔቱ ውስጡ ያለውን ቀጭን ሞላ ያጣብቀውና በቀን ደቂቃዎች እየቀደመ ወደኔ ትመጪያለሽ። ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ይበልጣል። "ኦል ስቴንለስ ስቲል" ወይም ባዶውን "ስቴንለስ ስቲል" ካለ ጥሩ ነው። ከተጠራጠርሽ ማሰሪያው የሚገባባቸውን አራቱን ቀንዶች ውስጠኛ ጎን እዪ፤ ቅብ መጀመሪያ የሚለቀው እዚያ ጋ ነው።

ባትሪ_አልገዛም
አሁን ወደ ማሽኑ እንምጣ። ቲክታክ ባትሪ አለ፣ አሮጌ ወዳድ አውቶማቲክ አለ፤ ሁለታችሁም ሦስተኛውን ዘለላችሁት። በብርሃን የሚሞላ።

በፊት ግን ኳርትዝ ማለት ምን እንደሆነ ለእህታችን ላስረዳ፣ ሒሳብ ካስተማረች ትወደዋለች። ውስጡ ትንሽ የኳርትዝ ክሪስታል አለ፤ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ በሰኮንድ 32,768 ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ለምን ይሄ ቁጥር? 32,768ን 15 ጊዜ ለሁለት እየከፈልሽ ብትሄጂ ልክ 1 ላይ ትደርሻለሽ። ያቺ አንድ ምት ናት ሰኮንድ ቆጣሪዋን የምታስረግጣት። ለዚህ ነው ርካሹ የባትሪ ሰዓት እንኳ በወር ከ15 እስከ 30 ሰኮንድ ብቻ የሚሳሳተው። የመጀመሪያው የኳርትዝ የእጅ ሰዓት የሴይኮ አስትሮን ነው፤ በ1969 እንደ ፈረንጆቹ ሲወጣ የአንድ ትንሽ መኪና ዋጋ ያህል ይጠየቅበት ነበር። ዛሬ ያው አሠራር በርካሹ ሰዓት ውስጥ አለ።

በብርሃን የሚሞላው ያው ኳርትዝ ነው፤ ልዩነቱ ፊቱ ስር ብርሃን የሚቀበል ነገር ተቀምጦ ውስጡ ያለውን ሴል ይሞላዋል። ሲቲዝን በ1976 ባለ መርፌውን አወጣ፤ ዛሬ ኢኮ-ድራይቭ የሚባለው ስም ከ1995 ጀምሮ ነው። ጥቅሙ በየሁለት ሦስት ዓመቱ ክዳኑ መከፈት የለበትም። ክዳን በተከፈተ ቁጥር የጎማ ቀለበቱ ይነካካል፣ አቧራ ይገባል፣ ቸኩሎ የዘጋ ሰው እጅ ላይ ከወደቀ ደግሞ ውኃ ያስገባል። ያልተከፈተ ክዳን ትልቅ ነገር ነው።

መምህርት_ጠመኔ
ሒሳብ ነው የማስተምረው! 2 በ15 ተባዝቶ... ማለቴ 2 ከፍ ሲል በ15። ነገ ክፍል ውስጥ እጠቀምበታለሁ፣ ተረከብኩህ።

አሮጌ_ወዳድ
እሺ፣ ሁላችሁም የኤሌክትሪክ ሰዎች ናችሁ። ግን አውቶማቲክን እንዲህ አትናቁት። በሰኮንድ 6 ጊዜ የሚመታ ማሽን በቀን ከ500 ሺህ ጊዜ በላይ ይመታል፤ ያውም ያለ ባትሪ፣ በሞላና በጥርስ ብቻ። ቀን ውስጥ 86,400 ሰኮንድ አለ፤ 20 ሰኮንድ ቢሳሳት ከ99.9 በመቶ በላይ ልክ ነው ማለት ነው። እስቲ እኛ በምንሠራው ሥራ ይህን ያህል ልክ የሆነ ማን አለ?

ቲክታክ
በቀን 20 ሰኮንድ በወር 10 ደቂቃ ነው ጓዴ 😄 ፈተና "ተጠናቀቀ" ስትል ልጆቹ ይጮሁባታል።

አሮጌ_ወዳድ
በሳምንት አንዴ ታስተካክለዋለች፣ ምን አለበት። ደግሞ 20 ሁልጊዜ አይደለም፤ የኔ በቀን 6 ሰኮንድ ነው የሚቀድመው።

ሞላና_ጥርስ
ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። እኔ እንጀራዬ የሞላ ሰዓት ነው፣ የምወደውም እሱን ነው። ቢሆንም ለዚች ልጅ አሁን አልመክራትም። ምክንያቱ ስህተቱ ብቻ አይደለም።

ብዙ ርካሽ አውቶማቲኮች ውስጥ የምታገኙት የሴይኮው ኤንኤች35 ማሽን ጠንካራ ነው፤ 24 ድንጋይ (ጥርሶቹ ሳይበሉ የሚዞሩባቸው ጠንካራ ፈርጦች) አለው፣ ሞልቶ ከተቀመጠ 41 ሰዓት ያህል ይሄዳል። ፋብሪካው ራሱ ግን በቀን ከ20 ሰኮንድ መዘግየት እስከ 40 ሰኮንድ መቅደም ድረስ ደህና ነው ይላል። አርብ ማታ ያወለቀችው ሰዓት እሑድ ቆሞ ይጠብቃታል። በየአምስት ዓመቱ ገደማ ዘይቱ ይደርቃል፣ ተፈትቶ መታጠብ አለበት፤ ለዚያ የምትከፍለው ደግሞ አንዳንዴ አዲስ ማሽን ከመግዛት ይበልጣል። ይህን ሁሉ እያወቀ የሚገዛ ሰው ፍቅር ይዞት ነው፣ እኔ አልከለክለውም። ሥራ ላይ ደቂቃ የሚቆጥር ሰው ግን ኳርትዝ ይግዛ።

ቀጭን_እጅ
ስለ መጠን ማንም አላነሳም፣ እኔ ደግሞ በዚህ ሁለት ጊዜ ከስሬአለሁ። ኢንተርኔት ላይ ሲያስተዋውቁ የሚጽፉት የክቡን ስፋት ብቻ ነው። እጅ ላይ የሚያስቀይመው ግን ርዝመቱ ነው፤ ከላይኛው ቀንድ ጫፍ እስከ ታችኛው ቀንድ ጫፍ። እሱ ከእጅ አንጓ ጠፍጣፋ ክፍል ካለፈ ሰዓቱ ድልድይ ይሠራል፣ ማሰሪያው ቁልቁል ይንጠለጠላል። የኔም ዙሪያ 15 ነው። ከ45 ሚሊ ሜትር ርዝመት በላይ አልገዛም፤ ስፋቱ ደግሞ ከ34 እስከ 37 ሲሆን ይስማማኛል።

"የሴት" ተብለው የሚሸጡት ብዙዎቹ ደግሞ ከመጠን በላይ ትንሽ ናቸው፣ ቁጥር የላቸውም፣ በየሩቡ አንድ ፈርጥ ብቻ። ከሩቅ ማንበብ ከፈለግሽ የወንድ ከሚባለው ትንሹን ፈልጊ። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የፈረንጅ ዘመን የወንዶች ሰዓት ራሱ 34፣ 36 ሚሊ ሜትር ነበር። ማንም ሴት ነሽ ወንድ ብሎ አይጠይቅሽም።

መምህርት_ጠመኔ
ይሄን ማን ይነግረኝ ነበር! የድሮው 42 ነበር ልበል፤ ስጽፍ እጄን ሰሌዳው ላይ ስዘረጋ ወደ ክርኔ ይንሸራተት ነበር።

ሌላ ጥያቄ፦ መስታወትስ? ጠመኔ አቧራው ቶሎ ይጭረዋል ብዬ እፈራለሁ።

ባትሪ_አልገዛም
ጠመኔ አትፍሪ። ጠመኔ ለስላሳ ነው፤ በጥንካሬ መለኪያው ከ1 እስከ 10 ሲሰጥ 2 ወይ 3 ቢያገኝ ነው። ተራው የማዕድን መስታወት 5 ወይም 6 ያህል ነው፣ ጠመኔ አይነካውም። ጠላቱ የመሬት አቧራ ነው። አሸዋ ውስጥ ያው ኳርትዝ ድንጋይ አለ፣ እሱ 7 ነው፤ በግድግዳና በጠረጴዛ ጠርዝ ታክኮ የሚጭረው እሱ ነው። ሳፋየር የሚባለው መስታወት 9 ነው፣ ከላዩ ያለው አልማዝ ብቻ። ሳፋየር ያለው በበጀትሽ ከተገኘ ውሰጂ፤ ካልተገኘ አትዘኚ።

አሮጌ_ወዳድ
ፕላስቲኩንም እናስታውስ። ቶሎ ይጫራል፣ ልክ ነው፤ ግን ሲወድቅ አይፈረካከስም፣ ጭረቱም በማለስለሻ ቅባት ተፈትጎ ይጠፋል። የሩሲያው ቮስቶክ አምፊቢያ ከ1967 ጀምሮ በፕላስቲክ መስታወት እስከ 200 ሜትር ጥልቀት ይገባል። ጥልቀቱ ሲጨምር የውኃው ግፊት መስታወቱንና ክዳኑን ወደ ውስጥ እየገፋ ይበልጥ ያጠብቀዋል። ሰዎች መሙያው (በጎኑ ያለችው የምትዞረው ቁልፍ) ሲፈታ እንደላላ ጥርስ ሲወዛወዝ አይተው ተበላሽቷል ይላሉ፤ እንዲያ ተደርጎ ነው የተሠራው። (አዎ፣ እሷ ይህን አትገዛም፣ አውቃለሁ። ዝም ብዬ ነው።)

ዋናተኛው
ውኃ ከተነሳ እኔም ልግባ። "30 ሜትር" የሚል ሰዓት አድርጎ 30 ሜትር መጥለቅ ቀርቶ መዋኘትም አይቻልም። ቁጥሩ አዲስ ሳለ፣ እጅ ሳይወዛወዝ፣ በቀዝቃዛ ውኃ የተለካ ግፊት ነው። 3 ባር ወይም 30 ሜትር የሚለው ዝናብና እጅ መታጠብ ይችላል፤ 5 ባር ትንሽ ይሻላል፤ ለዋና 10 ባር ፈልጉ። ምንም ቁጥር ሳይኖረው "ዋተር ሪዚስት" ብቻ ካለ እንደ 3 ባር ቁጠሩት።

ሞላና_ጥርስ
ይጨመርበት፦ ሙቅ ውኃና እንፋሎት ከቀዝቃዛው ይከፋል፤ ጎማውን ያላላዋል፣ ሳሙናውም ይበላዋል። መሙያውን ደግሞ እርጥብ እጅ ይዞ መሳብ የለም። መስታወቱ ከውስጥ ካላበ በዚያው ቀን ሰዓት ሠሪ ጋ ውሰዱት፤ "ይደርቃል" ብላችሁ ካቆያችሁት ይደርቃል፣ ግን ዝገቱን ትቶ ነው። ያንቺ፣ ልጄ፣ ያኔውኑ ተከፍቶ ቢሆን ማሽኑ ይተርፍ ነበር።

ቲክታክ
ስማርት ሰዓት የሚል ሰው እስካሁን አለመምጣቱ ይገርማል።

ዝም_ብዬ_አንባቢ
ልል ነበር፣ አፈርኩ 😅

መምህርት_ጠመኔ
ፈተና ክፍል አያስገቡትም፤ ደግሞ በየቀኑ ቻርጅ የማደርገው አንድ ነገር ይበቃኛል።

ሽቅብ_ቆጣሪ
ለኔም ትንሽ ቦታ ስጡኝ። የአባቴ የሚሞላ ሰዓት አለኝ፣ ከ20 ዓመት በላይ መሳቢያ ውስጥ ነው። ስሞላው ትንሽ ይሄድና ይቆማል። አዲስ ከመግዛት እሱን ባሠራ ይሻላል?

ሞላና_ጥርስ
አትሙላው፣ እባክህ። ዘይቱ ደርቆ ሙጫ ሆኗል፤ በዚያ ላይ ስታስኬደው ጥርሱ ይበላል። ሰዓት ሠሪ ይክፈተውና ዝገት አለው ወይስ የለውም ይንገርህ። ዝገት ከሌለው አጥቦ ዘይት ማድረግ ብቻ ነው። ዋጋው አዋጭ ነው ወይ ካልከኝ፣ በገንዘብ አይደለም፤ አዲስ ኳርትዝ ይረክሳል። የአባትህ ነው ግን። አንድ ነገር ብቻ፦ እጅግ አሮጌ ከሆነና በጨለማ ያበራ የነበረ ቀለሙ ቡናማ ሆኖ ከተሰነጣጠቀ ራስህ አትክፈተው። እንደ ፈረንጆቹ እስከ 1960ዎቹ ድረስ ራዲየም ይቀቡ ነበር፤ ማብራቱን ቢያቆምም ጨረሩ አለ፣ ብናኙን መተንፈስ ጥሩ አይደለም። ለሠሪው አስቀድመህ ንገረው።

ሽቅብ_ቆጣሪ
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ቀለም የለውም፣ ነጭ ፊት ነው።

መምህርት_ጠመኔ
እኔ አሁን ወደ መወሰኑ ነኝ። በብርሃን የሚሞላ፣ አካሉ አይዝጌ፣ ከ34 እስከ 37፣ ቁጥር ያለው። ግን አዲሱ ትንሽ ከበጀቴ ይዘላል። ያገለገለ ብገዛስ? ሻጩ ፊት ቆሜ ምን ልይ?

ቀጭን_እጅ
ያገለገለ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ በተለይ ኳርትዝ። ብዙ ሰው በስጦታ አግኝቶ ሳያደርገው ሳጥን ውስጥ ያኖረዋል።

ባትሪ_አልገዛም
ሰኮንድ ቆጣሪዋን አንድ ሙሉ ደቂቃ ከስልክሽ ጋር አስተያዪ፤ ስትረግጥ በየመስመሩ ላይ ታርፍ እንደሆነ እዪ። በመስመሮቹ መካከል የምታርፍ ከሆነ ጊዜው ልክ ነው፣ ሥራው ግን ችላ የተባለበት ነው። መሙያውን ስቢና መርፌዎቹን አዙሪ፤ ሻካራ መሆን የለበትም። የቀኑን ቁጥር ቀይሪ። ግን ከዚያ በፊት መርፌዎቹን ወደ 6 አውርጂ፣ ምክንያቱም ማሽኑ ቀን የሚቀይረው መርፌዎቹ ላይ 12 አካባቢ ሲደርሱ (በፈረንጅ ሰዓት እኩለ ሌሊት) ነው፤ ከዚያ ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ እስከ ሦስት ሰዓት በኋላ ባለው ጊዜ ጥርሶቹ ተያይዘዋል፣ በዚያን ጊዜ በእጅ ቀን መቀየር ይሰብረዋል። ሻጩ ይህን ሳያውቅ ቢያዞርልሽ ከልክይው።

ሞላና_ጥርስ
ጀርባውን ደግሞ ለጭረት እዪ። በክዳኑ ጠርዝ ላይ የቢላዋ ጭረት ካለ፣ የማይችል ሰው ከፍቶታል። በብርሃን የሚሞላ ሆኖ ክዳኑ ከተቧጠጠ ጠይቂ፦ ለምን ተከፈተ? ሌላው፣ ሻጩ "ስዊስ" ካለሽ ዋጋውን እዪና ፈገግ ብለሽ እለፊ። ስዊስ ሜድ ለመባል እንደ ፈረንጆቹ ከ2017 ጀምሮ ከማምረቻ ወጪው ቢያንስ 60 በመቶው እዚያው ስዊዘርላንድ መውጣት አለበት፤ በዚያ ወጪ በሳንቲም የሚሸጥ አዲስ ሰዓት አይገኝም። ታዋቂ ስም በጣም ረክሶ ካገኘሽ ፎርጅድ ነው። ትልቅ ስም ካለው ፎርጅድ ትንሽ ስም ያለው ኦርጅናል ይሻልሻል።

ክሮኖግራፍ (ጊዜ የሚለካ ሰዓት) የሚመስሉ ባለ ሦስት ክብ ሰዓቶች ላይ ደግሞ የጎን ቁልፎቹን ተጫኚ። ጠቅ ብሎ መርፌ ካልተነሳ ቁልፉም ሥዕል ነው።

መምህርት_ጠመኔ
😂 ቁልፉም ሥዕል ነበር። አሁን አስታወስኩ፣ ተጭኜው ነበር፣ አይንቀሳቀስም።

አለርጂክ
ዘግይቼ ነው፣ አንዲት ነገር ልበል። ቆዳችሁ የሚቆጣ ካላችሁ፣ የብዙዎቹ ቅብ ሰዓቶች ከስር ኒኬል አላቸው፤ ቅቡ ሲለቅ ሽፍታ ያመጣል። እኔ የታይታኒየም አካል ካገኘሁ በኋላ ነው የዳንኩት፤ ከአይዝጌ ብረት በጣም ይቀላል። ጭረት ግን ቶሎ ይታይበታል።

*— ከሦስት ሳምንት በኋላ —*

መምህርት_ጠመኔ
ገዛሁ! ያገለገለ የሲቲዝን ኢኮ-ድራይቭ፣ ስፋቱ 36፣ ከቀንድ ቀንድ 43፣ አይዝጌ፣ 10 ባር፣ ነጭ ፊት ከጥቁር ቁጥሮች ጋር። የመጀመሪያዋ ባለቤት ከሳጥኑ አላወጣችውም፣ የቆዳ ማሰሪያው ብቻ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ጋሼ እንዳለው ማሰሪያውን በ18 ሚሊ ሜትር ለወጥኩት። መርፌዎቹን ወደ 6 አውርጄ ቀኑን ሳስተካክል ሻጩ "ሰዓት ሠሪ ነሽ?" አለኝ።

ግን ችግር አለ። ከትናንት ጀምሮ ሰኮንድ ቆጣሪዋ በየሰኮንዱ መርገጥ ትታ ሁለት ሁለት ትዘላለች። ጊዜው ልክ ነው። ተበላሽቷል? እባካችሁ ልመልሰው ወይስ...?

ባትሪ_አልገዛም
አትመልሺው! ራበው ብቻ ነው። ሁለት ሁለት መዝለል "ብርሃን ስጡኝ" የሚልበት ቋንቋው ነው። ለዓመታት በሳጥን ጨለማ ቆይቷል። አንቺ ደግሞ ረጅም እጅጌ ትለብሻለሽ፣ አይደል?

መምህርት_ጠመኔ
አዎ! ሹራብ። እንዴት አወቅህ?

ባትሪ_አልገዛም
ሁላችንም አንድ ጊዜ ደንግጠናል። ለጥቂት ቀናት ፊቱን ወደ ላይ አድርገሽ መስኮት ዳር፣ ፀሐይ በሚገባበት አስቀምጪው። የፀሐይ ጥቂት ደቂቃ የሚሰጠውን ለማግኘት የክፍል መብራት ሰዓታት ይፈጃል። ከሞላ በኋላ ብዙዎቹ በጨለማ 6 ወር ያህል ይቆያሉ።

ሞላና_ጥርስ
መኪና ውስጥ መስታወት ስር ግን አታስቀምጪው፣ አምፑልም አታስጠጊው። ብርሃን ነው የሚፈልገው፣ ሙቀት አይደለም፤ ሙቀት ሴሉንም ጎማውንም ይጎዳል።

መምህርት_ጠመኔ
ሦስተኛ ቀኑ ነው። መምህራን ማረፊያ መስኮት ላይ አድርጌው ነበር፣ የጥበቃ ሠራተኛችን "ሰዓቷን ለፀሐይ አሰጣችው" እያለ ለሁሉም ሲያወራ ሰነበተ። ዛሬ ጠዋት አነሳሁት። አንድ፣ አንድ፣ አንድ እያለች ትረግጣለች። በየመስመሩ ላይ ነው የምታርፈው፤ ሙሉ ደቂቃ ቆሜ አየኋት።

ቲክታክ
ኤፍ-91ደብሊው ይሄ ሁሉ ጣጣ የለበትም ነበር ብዬ አልልም።

አሮጌ_ወዳድ
አልክ እኮ።

ሽቅብ_ቆጣሪ
የአባቴም ተከፈተ። ዝገት የለውም። ጋሼ፣ አጥቦ ዘይት አድርጎ ለቅዳሜ ቀጥሮኛል።